ለእንቁጣጣሽ የጎዘጎዛችሁት ቄጤማ ከየት የመጣ ነው?

የአቃቂ ልጅ (መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡40)

እንኳን አደረሳችሁ።

በዋዜማው ሳሪስ መንገድ ዳር ቄጤማ ስገዛ ሻጯን እናት እንዲያው ለወሬ ያህል «እማማ፣ ይህ ከየት መጣ?» አልኳቸው። «ሩቅ ነው ልጄ፤ ሌሊቱን በአይሱዙ ተጭኖ ነው የደረሰልን። ድሮማ እዚሁ ከታች አጭደን በጀርባችን ነበር የምናመጣው» አሉኝ። በእጃቸው የጠቆሙት እኔ ያደግሁበትን ሰፈር ነው።

ከቤታችን ቁልቁል አሥር ደቂቃ ሲኬድ ጨፌ ነበር። ክረምት ሲገባ ውሃው ጉልበት ይደርሳል። ጳጉሜን ላይ ሱሪያችንን ጠቅልለን ገብተን ቄጤማ እናጭዳለን፤ ጥቅምት ላይ ውሃው ሲሸሽ ከብት ይገባበታል። እናቴ ስትልከኝ ሁልጊዜ የምታስጠነቅቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ግንዱን በጣትህ አሽከርክረው። ሦስት ማዕዘን ከሆነ ቄጤማ ነው፤ ድቡልቡል ከሆነ ሣር ነው። ሣር ይዘህ እንዳትመጣ!» አሁንም በዓል በመጣ ቁጥር ከወለሉ ላይ አንድ ዘለላ አንስቼ በጣቴ አሽከረክራለሁ።

ያ ጨፌ ዛሬ ብሎኬት ማምረቻና ባለ አራት ፎቅ ቤቶች ሆኗል። በገረጋንቲ ሲሞላ አይቻለሁ። ገልባጭ መኪኖቹ ሁለት በጋ ሙሉ ተመላለሱ። ማንም አልጮኸም፤ እኔም አልጮኽሁም። ከዓመታት በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የሰፈራችንን የቀድሞ ካርታ አየሁ፤ ጨፌው ያለበት ላይ «ክፍት ቦታ» ይላል። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ደን ቢሆን ኖሮ «ደን» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ የቆረጠውም ሰው «ደን ጨፈጨፈ» ይባል ነበር። ውሃ የተኛበትን፣ ወፍ የሰፈረበትን፣ ከብት የሚውልበትን ቦታ «ክፍት» ካልነው ግን የሚሞላው ሰው ውለታ የዋለልን ይመስላል።

በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን፣ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ይለማል ሲባል፣ ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ። ፓርኮቹ ያምራሉ፤ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ዳሩ ግን በሄድኩ ቁጥር የማየው ግንብ፣ የእግረኛ መንገድና በጎማ ውሃ የሚጠጣ ምንጣፍ ሣር ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ሆን ብለን ረግረግ እንደሆነ የተውነው ቦታ አለ? ከሌለስ፣ የተሞላውን መመለስ ይቻላል?

ዝም አልልም (መስከረም 3፣ ከምሽቱ 3፡05)

ቄጤማና ከተማ የሚለያዩት በፊደል ነው ብዬ ነበር። ለካስ አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

ቱቦ ቆጣሪ (መስከረም 3፣ ከምሽቱ 4፡20)

የምሠራው በጎርፍ መውረጃ ሥራ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልከራከር። የወንዝ ዳር ግንብ የሚገነባው ሰው ግንብ ስለሚወድ አይደለም። እንጦጦ ከባህር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው። በዓመት ከሚወርደው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ያንን ቁልቁለት በጥቂት ሰዓት ይወርደዋል። ሐምሌ ላይ ቀበና ድልድይ ላይ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ ድምፁን ታስታውሳላችሁ፤ ከውሃው ሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። ዳርቻው ካልተደገፈ ቤት ይዞ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ የአቃቂ ልጅ ያነሳው ነገር ትክክል ነው፤ በእኛ ቋንቋ ላስላው። አሥር ሄክታር ጨፌ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢይዝ 30,000 ሜትር ኩብ ነው። አሥር ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ ቢመላለስ 3,000 ምልልስ ይወጣዋል። ጨፌው ያንን ውሃ አስተኝቶ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ ከፊሉም ወደ መሬት ይሰርጋል። በገረጋንቲ ስንሞላው ግን 3,000 ቦቴ ውሃ በአንድ ከሰዓት ወደ ታችኛው ሰፈር እንልካለን። ከዚያ ታችኛው ሰፈር ግንብ ይጠይቃል። ግንቡ ሲሠራ ውሃው ይበልጥ ይፈጥናል። ከግንቡ በታች ያለው ደግሞ ሌላ ግንብ ይጠይቃል። እኔ እንጀራዬን የምበላው በዚህ ስለሆነ ዝም ማለት ነበረብኝ።

ባለ ዕዳው (መስከረም 4፣ ከጠዋቱ 1፡15)

እንደዚያ ዓይነት ቦታ ላይ ቤት ገዝቼ የምኖር ሰው ነኝ። በባንክ ብድር፣ ለ20 ዓመት። ሻጩ «ለም መሬት ነው፤ ጓሮ ብትተክሉ ያበቅላል» ብሎን ነበር። አልዋሸም፤ አብቅሏል። በሁለተኛው ዓመት ከሳሎኑ ግድግዳ ሥር ፊላ በቀለ።

ነሐሴ ላይ በሴራሚኩ መጋጠሚያ በኩል ውሃ ይመነጫል። ባለቤቴ ጨርቅ ትጠቀጥቃለች፤ በሌላ በኩል ይወጣል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ግድግዳዬ ላይ ያለው ስንጥቅ መስከረም ላይ ክር ያክላል፤ መጋቢት ላይ ጣት ያስገባል። በየዓመቱ በጂፕሰም እደፍነዋለሁ፤ በየዓመቱ ይተፋዋል። ሌሊት እንቁራሪቶቹ ከመስኮቱ ሥር ሲጮኹ ልጄ «አባዬ፣ ምን ፈልገው ነው?» ትላለች። ቤታቸውን ነዋ! ምን ልበላት?

ከሽሮ ሜዳ (መስከረም 4፣ ከጠዋቱ 4፡50)

ስለ ጨፌው የምትሉት ሁሉ ገብቶኛል። ከላይ የሚመጣው ውሃ ግን ከእንጦጦ ነው የሚነሳው፤ ስለ እንጦጦ ሲወራ ደግሞ እኛ ሳንጠየቅ ባይወራ ደስ ይለኛል።

እናቴ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ነው ያሳደገችኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ትወጣለች፤ ረፋድ ላይ ጎብጣ ትወርዳለች። ሸክሙ ከእሷ ቁመት ይረዝማል፤ ጠባብ መንገድ ላይ መኪና ቆሞ ያሳልፋታል። ገመዱ ትከሻዋ ላይ የተወው ምልክት ዛሬም አለ፤ ገላዋን ሳጥባት አየዋለሁ። ጥበቃ ከያዛት የሚነጥቃት እንጨቱን ብቻ አልነበረም፤ ገመዷን ጭምር ነው። ለእንጨቱ አታለቅስም ነበር፤ እንጨት ነገም አለ። የምታለቅሰው ለገመዱ ነበር፤ ገመድ በገንዘብ ነው የሚገዛው።

ስለዚህ «ባህር ዛፉ ይነቀል፣ አገር በቀል ይተከል» የሚባለውን ስሰማ በመጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ገመድ ነው። መሀል ከተማ ስንት ሺህ ምጣድ በዚያ ቅጠል ነደደ? አሁን እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት። መብራት የጠፋ ቀን ግን ያው ቅጠል ይገዛል፤ ማለዳ የሚወርዱ ሴቶችም አልቀሩም። ደኑን ለመጠበቅ አጥር ከማጠር በፊት መብራቱ እንዳይጠፋ ቢደረግ የበለጠ ዛፍ ይተርፋል ባይ ነኝ።

ጽድና ወይራ (መስከረም 4፣ ከቀኑ 8፡30)

እህቴ ከሽሮ ሜዳ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በደን ሥራ ላይ 17 ዓመት ቆይቻለሁ፤ የገመዱን ነገር ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ተባባሪ እንደነበርኩ ይሰማኛል።

ባህር ዛፍን በተመለከተ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ዛፉ ላይ ይጥላል። ዛፉ እኮ በዕዳ አይደለም የመጣው፤ ለምነን ነው ያመጣነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላት በዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰዋል። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ባህር ዛፍ ገባ፤ ያስገባው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ አማካሪ ነው ይባላል። ቶሎ ደረሰ፣ ሲቆረጥም መልሶ አቆጠቆጠ፣ ከተማውም ባለበት ቀረ። ዛሬ በየግንባታው የምታዩት የአጣና ርብራብ የዚያ ውለታ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እንጦጦ ላይ ቅጠሉ በየቀኑ ስለሚጠረግ ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ራቁቱን ነው። ዝናቡ ሲመጣ የሚያርፍበት ቅጠል፣ የሚይዘው ሥር፣ የሚያዘገየው ቁጥቋጦ የለም። አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ባህር ዛፍ መሀል ገብታችሁ መሬቱን ተመልከቱ፤ ድንጋዩ ጥርስ እንዳወጣ ድድ ይመስላል። ከዚያ ደግሞ ወደ አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቡ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ፣ ጫማ የሚውጥ የበሰበሰ ቅጠል። ያው ተራራ ነው፣ ያው ዝናብ ነው።

መመለስ ይቻላል ወይ ለተባለው፣ ደኑን በተመለከተ ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ጀምበር አይደለም። ባህር ዛፉን በአንድ ጊዜ ብትመነጥረው ቁልቁለቱ ይናዳል። በየመስመሩ እያሳሱ፣ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ እየተከታተሉ፣ በክፍተቱ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት ማስገባት ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሳንተክል የሚመጣው ነው። ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ከተጠበቀ ክትክታው፣ አምጃው፣ ቀጋው ራሱ ይመጣል። የጽድና የወይራ ፍሬ ወፍ ይበላዋል፤ ወፉ ደግሞ የሚያርፍበት ቁጥቋጦ ካገኘ ዘሩን እዚያው ይጥለዋል። በጉለሌ የእፅዋት ማዕከል፣ ከ700 ሄክታር በላይ በሆነው ግቢ ውስጥ፣ ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለዘር የሚሆን ጥሩ እናት ዛፍ የሚፈልግ ደግሞ የሱባ መናገሻ ደን ቅርብ ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ጽድ ዛሬም ዘር ይሰጣል።

አንድ ነገር ላክል። ሐምሌ ላይ ስንት ችግኝ እንደተተከለ መቁጠር ደስ ይላል። እኔ ግን ሰው «ስንት ተተከለ?» ሲለኝ «የካቲት ላይ ጠይቀኝ» ነው የምለው። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተቀበረ ችግኝ በገዛ እጄ ነቅዬ አይቻለሁ። ጽድ እንኳ ለመጽደቅ ጊዜና ውሃ የሚያጠጣ ሰው ይፈልጋል።

ቀበና ማዶ (መስከረም 5፣ ከምሽቱ 1፡10)

እኔ ከወንዝ ዳር ከተነሱት ነኝ። ስለ ወንዝ ጽዳት ሲወራ ሁልጊዜ «የበከሉት እነዚያ ናቸው» ተብሎ የሚጠቆመው ወደ እኛ ነው። የእኛ ሽንት ቤት ወደ ወንዙ ይገባ ነበር፤ አልክድም። መምጠጫ መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረንም። ከላያችን የነበረው ትልቅ ሕንፃ ግን መንገድም መኪናም ነበረው፤ ቱቦውን የሚለቀው ሌሊት ነበር። ሽታው ሲቀየር ከእንቅልፋችን እንነቃ ነበር። እኛ ተነሣን፤ ሕንፃው እዚያው ነው።

የተሰጠን ቤት ጥሩ ነው፤ ውሃ በቧንቧ ይመጣል፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼ ግን በአራት አቅጣጫ ተበትነዋል። ለሥራ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። ፓርኩን ልይ ብዬ አንድ እሑድ ሄጄ ነበር። ቤታችን የነበረበት ላይ ወንበር አለ። ተቀመጥኩበት። ይመቻል።

የከተማው አስተዳደር ወንዝ የሚበክሉትን የሚቀጣ ደንብ በ2017 ዓ.ም. አውጥቷል። እሰየው ብያለሁ። መጀመሪያ የሚቀጣው ባለ አንድ ጀሪካኑ ነው ወይስ ባለ ቱቦው የሚለውን ግን ሁላችንም እናየዋለን።

ዝም አልልም (መስከረም 5፣ ከምሽቱ 1፡32)

ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል፤ አቃቂ ፕላስቲክ ይዞ ይዞራል።

አዋሽ ድረስ (መስከረም 6፣ ከጠዋቱ 3፡00)

ዝም አልልም ሆይ፣ ቀልድህን ላበላሽብህ። ዓባይ ቢያንስ ባህር ይደርሳል። አዋሽ አይደርስም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ፣ ከቆቃ በመስኖ ወደ እርሻው፣ የተረፈው አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይተናል። አዲስ አበባ የምትጥለው ነገር ከአገር አይወጣም። በቲማቲም ይመለሳል።

የኬሚስትሪ ሰው ነኝና ጨፌ ሁሉን ያጸዳል ከሚለው ተስፋ ትንሽ ልቀንስ። ፊላና ቄጤማ በሥራቸው ዙሪያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከቤት የሚወጣን ፍሳሽ እየበሉ ያጣራሉ። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ደለሉም ይዘቅጣል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ነገር ግን ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውን ክሮሚየም የተባለ መርዛማ ብረት ባክቴሪያዎቹ አይበሉትም። ወይ ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይ ተክሉ ይመጠዋል፤ ተክሉን ከብት ይበላዋል። በአቃቂ ውሃ የሚበቅለው ጎመንና ቆስጣ ስንት ጊዜ ተመርምሮ ምን እንደተገኘበት የሙያው ሰዎች ያውቁታል። ስለዚህ ፋብሪካው የራሱን እዚያው በራሱ ግቢ ያጣራ፤ ጨፌው የሰውን ያጣራ። ሁለቱን ከደባለቅን የምንሠራው ረግረግ ሳይሆን የመርዝ ጎተራ ነው።

አባ ሳሙኤልን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ደለሉና እምቦጩ አፍኖት ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሷል። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ መስክ ይመስላል፤ ውሃ ነው። እምቦጭ የሚወደው የእኛን ፍሳሽ ነው። በእጅ ብትለቅመው፣ በማሽን ብታጭደው፣ ከላይ እስካጎረስነው ድረስ ይመለሳል።

ከናይሮቢ (መስከረም 8፣ ከምሽቱ 3፡45)

እዚህ 11 ዓመት ሆኖኛል። እሑድ እሑድ ካሩራ ደን ውስጥ እሮጣለሁ፤ ከከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል 1,000 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ደን ነው። ቤት ሊሠራበት ተሸንሽኖ ለግለሰቦች ታድሎ ነበር። ኬንያዊቷ የአካባቢ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ ታኅሣሥ 1991 በእኛ አቆጣጠር ችግኝ ልትተክል ስትሄድ በዱላ ራሷን ፈነከቷት። ደሟ እየፈሰሰ ነው ክስ ያቀረበችው። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የምናገረው ግን ስለ ጀግንነቷ አይደለም። ካሩራ ከዳነ በኋላም ለዓመታት ሰው የማይደፍረው የሌባ ጫካ ነበር። የለወጠው የአካባቢው ነዋሪ፣ የደን መሥሪያ ቤቱና ከደኑ ጥግ ያለው የድሆች መንደር አንድ ላይ ተቀምጠው አጥር ማጠራቸው ነው። ጠባቂ ሆነው የተቀጠሩት ከዚያው መንደር የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ እንጨት ይለቅሙ የነበሩ ሰዎች ልጆች። ለመግባት ትኬት ትቆርጣላችሁ፤ ገንዘቡ ለዓመታት እዚያው ደኑ ላይ ሲውል ቆይቷል። ባህር ዛፉንም ጽድና ወይራ እንዳለው ክፍል በክፍል እየቆረጡ አገር በቀል ይተክሉበታል። ከሽሮ ሜዳ፣ ገመድ ነጣቂው የራስሽ ወንድም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አሰብኩ።

ከሽሮ ሜዳ (መስከረም 8፣ ከምሽቱ 4፡02)

ወንድሜ ቢሆን ገመዱን ሳይሆን እንጨቱን ነበር የሚወስደው። ምሳ ይሠራበታል! እየቀለድኩ ነው፤ የገባኝ መስሎኛል። ትኬቱ ስንት ነው? እናቴ እንጦጦን ለማየት ትኬት ልትቆርጥ ማለት ለእኔ ትንሽ ያስቃል።

ከገሊላ (መስከረም 11፣ ከምሽቱ 2፡00)

ከሰሜን እስራኤል ሰላምታ። የምኖረው ከሁላ ሸለቆ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ የአቃቂ ልጅ «የተሞላውን መመለስ ይቻላል?» ላለው የማየውን ልንገረው። እዚህ ሰፊ ረግረግና ሐይቅ ነበር። በ1950ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለእርሻና ወባን ለማጥፋት ብለው አደረቁት። ያን ጊዜ ትልቅ ድል ተባለ። በኋላ ጥቁሩ አፈር ደርቆ በራሱ መቀጣጠል ጀመረ፣ መሬቱ ሰመጠ፣ ከአፈሩ የሚታጠበው ነገር ወደ ገሊላ ባህር ወረደ። በ1994 ከፊሉን መልሰው ውሃ ለቀቁበት። ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ቢሆንም መጣ።

ለምን ይህን እጽፋለሁ? በየኅዳሩ ግራጫ ክሬኖች የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ስደተኛ ወፎች በአሥር ሺዎች እየሆኑ እዚያ ያርፋሉ። ከፊሎቹ ይከርማሉ። ከፊሎቹ ግን ጥቂት ቆይተው ወደ ደቡብ ይነሳሉ፤ የሚሄዱት ወደ እኛ አገር ነው። አባቴ በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የወሰድኩት ቀን ድምፃቸውን ሰምቶ «እነዚህን አውቃቸዋለሁ» አለኝ። እኛ በአውሮፕላን መጣን፤ እነሱ በየዓመቱ ይመላለሳሉ።

የአቃቂ ልጅ (ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1፡50)

ውይይታችን ተኝቶ ነበር፤ ልቀስቅሰው።

ከገሊላ የጻፈልንን ካነበብኩ በኋላ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ልጄን ይዤ ወደ አባ ሳሙኤል ወረድኩ። አዋሽ ድረስ እንዳለው ነው፤ ውሃው ከሩቅ ማሳ ይመስላል። ሽታውም አለ። ጠርዙን ይዘን ስንሄድ ግን ጤፍ በታጨደበት ማሳ ላይ ክሬኖቹን አየናቸው። ልጄ እስከ 60 ቆጥሮ ተሳሳተ፤ እንደገና ጀመረ፤ ተነሡበት። ሲነሡ የሚያሰሙት ድምፅ ዝገት የያዘው በር ከሩቅ ሲከፈት ይመስላል።

ስንመለስ አንድ ነገር አገኘሁ። ከሰፈራችን በታች ካለው ጨፌ ያልተሞላች ጥግ ቀርታለች። በአንድ በኩል የመንገድ ግርጌ፣ በአንድ በኩል የብሎኬት ማምረቻው አጥር ነው፤ ሁለት ሄክታር ብትሞላ ነው። ያልተሞላችው የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር በላይዋ ስለሚያልፍ ነው። ሽቦው ባይኖር ይህን ጊዜ ፎቅ ነበረች። መሀሏን ሰው ቦይ ቆፍሮ ውሃዋን ወደ መንገድ ቱቦ አስገብቶታል፤ ቢሆንም ከቦዩ ዳር አንድ ዘለላ ነቅዬ በጣቴ አሽከረከርኩት። ሦስት ማዕዘን ነው።

ቱቦ ቆጣሪ፣ ቦዩ ቢደፈን ምን ይሆናል?

ቱቦ ቆጣሪ (ጥር 9፣ ከምሽቱ 3፡15)

ጥልቀቱንና ስፋቱን ለክተህ ላክልኝ። ሙሉ በሙሉ አትድፈነው፤ ውሃው ወደ ብሎኬት ማምረቻው ዞሮ ሌላ ጣጣ ያመጣብሃል። በጆንያ አፈር ሁለት ሦስት ቦታ ላይ እርከን ብታደርግበት ውሃው ይተኛል፣ ሲበዛ ደግሞ በላዩ ይፈስሳል። ከሰኔ በፊት መሠራት አለበት። ከዚያ በፊት ግን ከወረዳ ደብዳቤ ያዝ፤ አለዚያ ጆንያዎቹን ራሱ ወረዳው ያነሣቸዋል። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶውን ለአረንጓዴ ቦታ እንደሚሰጥ ጥቀስላቸው።

ባለ ዕዳው (ጥር 9፣ ከምሽቱ 3፡40)

ጆንያ አለኝ። ቦቲ ጫማም አለኝ፤ ሳሎኔ ውስጥ የምጠቀምበት።

ጽድና ወይራ (ጥር 10፣ ከጠዋቱ 2፡20)

ችግኝ ይዛችሁ እንዳትሄዱ! የተለመደው ስህተት ያ ነው። ጨፌ ላይ ዛፍ አይተከልም፤ ባህር ዛፍማ በጭራሽ፤ ውሃዋን ይጨርሰዋል። ውሃው ብቻ ይመለስ፤ የቀረው ከጭቃው ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ ዘር አለው።

የአቃቂ ልጅ (ጥር 21፣ ከምሽቱ 2፡10)

ዛሬ ለደብዳቤው ሄድኩ። የሚሞላ ቅጽ ሰጡኝ። «የቦታው ዓይነት» ይላል፤ መኖሪያ፣ ንግድ፣ ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴ ቦታ፣ ክፍት ቦታ። የሚመረጠው ከእነዚህ ነው። ሁሉንም ትቼ በጠርዙ ላይ «ጨፌ» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ወጣቱ ሠራተኛ አየውና «ይህ ምን ማለት ነው? ክፍት ቦታ ማለትዎ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። «ታዲያ ምን ላይ ልመዝግበው?» አለኝ፤ በክፋት አልነበረም፤ የእውነት ቸግሮት ነው። ቄጤማ የሚታጨድበት ቦታ ነው አልኩት። ያኔ ገባው፤ አያቱ ቄጤማ ትሸጥ ነበር።

ቀበና ማዶ (ጥር 21፣ ከምሽቱ 2፡25)

ማኅተም አረፈበት?

የአቃቂ ልጅ (ጥር 21፣ ከምሽቱ 2፡27)

ለሰኞ ተቀጥሬአለሁ።